ፎጣ ሠሪውን ይዤ የድሬን ቢሮዎች የዞርኩባቸው 12 ቀናት

ላኦባኑ ድሬዳዋ ባደረ በማግስቱ ጠዋት የሆቴሉን የውሃ ማፍያ አንጠልጥሎ ቁርስ ወደምንበላበት ወረደ። («ላኦባን» ቻይናዎች ለአለቃም ለነጋዴም የሚሉት ነው፤ ባቡር መስመሩ ላይ የሠራ የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።) ክዳኑን ከፈተና ውስጡን አሳየኝ። ድሬ ያደገ ሰው የሚያውቀው ነጭ ቅርፊት ከታች ተጋግሯል። በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ ፋቅ አደረገው፤ ፍርፋሪውን መዳፉ ላይ ይዞ ወደ ብርሃን አዞረና «ፋብሪካው የሚያገኘውም ውሃ ይኸው ነው?» አለኝ።

ሰውዬው ከሄቤይ ግዛት የመጣ ፎጣ ሠሪ ነው። ይሸምናል፣ ያቀልማል፣ ያጥባል። ለእንዲህ ያለ ሰው ውሃ የሥራው ግማሽ ነው። የእኛ ውሃ ደግሞ ከኖራ ድንጋይ ሥር የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ስለሆነ ካልሲየም ይበዛዋል። እንዲህ ያለ ውሃ ሳሙና አረፋ እንዳያወጣ ያደርጋል፤ ቀለሙ ፎጣው ላይ እኩል አይዝም፣ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ቦይለር ውስጥ ሲገባም እንደ ማፍያው ይጋገራል። ማለስለሻ ማሽን ካልተተከለ በቀር ማቅለም የለም፤ ማለስለሻው ደግሞ ጨው ይበላል። ስለዚህ እንቁላሉ ሳይቀርብ ሁለተኛውን ጥያቄ ጨመረ፦ «እዚህ ጨው በኩንታል ስንት ይሸጣል?»

ሁለቱንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ 12 ቀን ሙሉ መልስ ፍለጋ ዞርን። ሰው ስለበላበት ምግብ ቤትና ስላደረበት ሆቴል አስተያየት ይጽፋል፤ እኔ ደግሞ ከተማችን ፋብሪካ ሊተክል ለሚመጣ ቻይናዊ ስለምትሰጠው አገልግሎት ልጽፍ ነው፤ ከጎኑ ሆኜ ተጠቅሜበታለሁና። ጥፋት ያየሁበትን ቢሮም ሆነ ሰው በስም አልጠራም። እዚሁ ከተማ ነው የምኖረው፤ እንዲስተካከል እንጂ ማንም እንዲያፍር አልፈልግም።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ተወልጄ ያደግኩት ሳቢያን ነው። አባቴ የቀድሞው ምድር ባቡር፣ የድሬ ሰው «ሸመንደፈር» የሚለው፣ ጥገና ክፍል ውስጥ መካኒክ ነበር። የድርጅቱ ሥራ በፈረንሳይኛ ስለነበር ቋንቋውን በመፍቻና በብሎን ነው የተማረው። እኔም ቻይንኛን ያገኘሁት እንደዚያው ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለው አዲሱ የባቡር መስመር ሲሠራ ካምፕ ውስጥ የመጋዘን ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ብሎን እየቆጠርኩ ቁጥሩን ያዝኩ፣ ብረትና ሲሚንቶ እየመዘገብኩ ቀሪውን። በኋላ ቲያንጂን ሄጄ ትምህርቱን በወጉ ተማርኩ። አሁን እንጀራዬ ማስተርጎም ነው። ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ጋር የተወለደች ናት፤ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ዓረቡም፣ ህንዱም፣ ፈረንሳዩም ከዚራና መጋላ ላይ ሱቅ ከፍቶ፣ ልጅ ወልዶ ኖሮባታል። እንግዳን መቀበል ለድሬ ዛሬ የሚጀመር ነገር አይደለም። ለዚህም ነው የጎደለውን ሳይ የሚቆጨኝ።

በግንባታ በኩል ያለውን ቶሎ ልለፈው፤ እዚያ ላይ ብዙ አንታማም። ከአዲስ አበባ ጂቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ከታኅሣሥ 2010 ጀምሮ መደበኛ ሥራ ላይ ነው። መልካ ጀብዱ ላይ የቻይና ሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኮርፖሬሽን የገነባው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጣና እዚህ ተመርቋል። ደረቅ ወደቡ አለ፤ አየር ማረፊያው ከከተማው ብዙ አይርቅም። ላኦባኑ ሼዶቹን ሲያይ ወለሉን በጫማው ተረከዝ መታ መታ አድርጎ አዳመጠና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «የእናንተው ሰዎች ናቸው የሠሩት» ስለው ፎቶ አነሳ።

ሕጉንም ያውቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180 የውጭ ባለሀብት ብቻውን ሲመጣ ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር 150,000 ዶላር እንዲያስመዘግብ ይጠይቃል። ይህን ከቤቱ ሳይወጣ በቻይንኛ አንብቦታል። ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራሉ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን መሆኑንም ያውቃል። ድሬዳዋ ድረስ የመጣው አዋጁ የማይመልሰውን ሊጠይቅ ነው፤ አዋጁ የማይመልሰው ሁሉ ደግሞ የሚመለሰው በከተማ ደረጃ ነው። ድሬዳዋ ከ1996ቱ ቻርተር ጀምሮ ተጠሪነቷ በቀጥታ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ በመካከል ክልል የሚባል እርከን የለባትም። አንድ እርከን ያነሰባት ከተማ መልስ ለመስጠት ከሌሎች መቅደም የምትችል ይመስለኛል።

አቀባበሉ ግን ያምር ነበር፤ እውነቱን ልናገር። በር ላይ አበባ ተሰጠን። ጠረጴዛው ላይ የባቢሌ ኦቾሎኒ፣ ሙዝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ተደርድሯል። ግድግዳው ላይ የእንኳን ደህና መጣችሁ ባነር በቻይንኛ ተሰቅሏል፤ ጽሑፉም ስህተት የለበትም፣ ማን እንደጻፈው ባውቅ አመሰግነው ነበር። የተቀበሉን ኃላፊ ትሑት ሰው ናቸው፤ እንግዳ አክባሪነታቸው ከልብ ነው። ከዚያ 62 ገጽ ገለጻ ተከፈተ። በእንግሊዝኛ ነው። ላኦባኑ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ጆሮው ሥር እያንሾካሾክኩ ተረጎምኩለት። ግመሎቹን፣ ተራሮቹን፣ የሐረርን ግንብ፣ የአገሪቱን የሕዝብ ብዛት ሰማ። ሲያልቅ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። አራት ጥያቄ ነው ያለው። ውሃ በቀን ስንት ሜትር ኩብ ይደርሰኛል፣ ጥራቱስ? መብራት 24 ሰዓት አለ ወይ፣ ትራንስፎርመሩን የሚገዛው ማን ነው? ሽመና የሠለጠነ ሰው ስንት አለ፣ ደሞዙ ስንት ነው? ዛሬ ብከፍል ቁልፉን የምረከበው በየትኛው ቀን ነው?

መልሶቹን በቃል እንደተሰጡ ልጻፋቸው። ውሃ በበቂ ሁኔታ አለ። መብራት እየተሻሻለ ነው። የሰው ኃይል በብዛትና በርካሽ ይገኛል። ቦታውን በአጭር ጊዜ ውስጥ እናመቻቻለን።

«በርካሽ» የሚለው ቃል ላይ ምላሴ ተያዘ። ያ ርካሽ የተባለው ሰው የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ የእኔም ታናሽ ወንድም ሊሆን ይችላል። ላኦባኑም ቢሆን ርካሽ ፍለጋ አልነበረም የጠየቀው፤ ቁጥር ነበር የፈለገው። «ሥራ የሚፈልጉ ብዙ ወጣቶች አሉ» ብዬ ተረጎምኩት። አስተርጓሚ ቃል መለወጥ እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ለወጥኩ፤ አሁንም አልጸጸትም።

ከዚህ የባሰው «እናጠናዋለን» ላይ መጣ። ስለ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ሲጠይቅ ኃላፊው «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እናጠናዋለን» አሉ። ይህ በቻይንኛ «ያንጅዩ ያንጅዩ» ነው፤ ቻይና ውስጥ አንድ ሹም «ያንጅዩ ያንጅዩ» ካለህ አይሆንም ያለህ በጨዋ ደንብ ነው። ላኦባኑ ብዕሩን ከደነ። ኮሪደር ላይ «አልፈለጉንም፤ ወደ ሌላ ከተማ እንሂድ» አለኝ። እዚያው ቆሜ አሥር ደቂቃ አስረዳሁት፦ ሰውዬው የምራቸውን ነው፣ እኛ ጋ እናጠናዋለን ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ሊያጠናው ነው፤ የጎደለው ቀኑ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አወጣሁ። «በሂደት ላይ ነው» ወይም «ከበላይ አካል እየጠበቅን ነው» ሲባል ሳልተረጉም በፊት «ይቅርታ፣ መቼ ብዬ ልንገራቸው?» እላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል፤ ብዙው ግን ትንሽ አስቦ ቀን ይናገራል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው። በየቢሮው ለእንግዳ መልስ የሚሰጡ ሰዎች ይህችን አንድ ነገር ቢያውቁ፣ ስንት ሰው ተቀብለን በራሳችን አፍ እንደመለስን ይገባቸው ነበር።

ወደ ወረቀቱ ልግባ። የእኔ ጉልበት ያለቀው እዚህ ነው።

ቻይና ውስጥ አንድ ድርጅት በሰነድ ላይ የሚታሰረው በክብ ቀይ ማኅተሙ ነው፤ ፊርማ ባይኖርም ማኅተሙ ይናገራል። እኛ ጋ ደግሞ ስም፣ ፊርማ፣ ክብ ማኅተምና ቲተር አንድ ላይ ካልተገኙ ሰነድ አይሆንም። የላኦባኑ ደብዳቤ በአንድ ቢሮ መስኮት መጀመሪያ «ፊርማ የለውም» ተብሎ ተመለሰ። ፈረመ። በሁለተኛው ቀን «ቲተር የለውም» ተብሎ ተመለሰ። ቲተር ለሚባለው ነገር ቻይንኛ ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ የፈራሚውን ስምና ሥልጣን የያዘች ትንሽ ማኅተም እንደሆነች አስረዳሁትና ከተማ ውስጥ አስቀረጽን። ሦስተኛው ቀን ላይ በተራው እሱ ተጠራጠረ። ከእኛ የተሰጠው ደብዳቤ ባለሁለት ገጽ ሲሆን ማኅተም ያለው ሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። እነሱ ብዙ ገጽ ያለውን ሰነድ ጎን ለጎን ዘርግተው፣ ማኅተሙ በገጾቹ ጠርዝ ላይ ተከፋፍሎ እንዲያርፍ ያደርጋሉ፤ አንድ ገጽ ቢቀየር ክቡ አይገጥምም። «የመጀመሪያው ገጽ ቢቀየርብኝ በምን አውቃለሁ?» አለኝ። መስኮቱ ላይ ለነበረው ልጅ ይህን ስነግረው ገረመው፤ ቅር ሳይለው ሁለቱንም ገጾች አስተካክሎ ማኅተሙን ጠርዙ ላይ አሳረፈልን። ያን ቀን ሁለቱም ወገን አንዱ የሌላውን ጥንቃቄ እንደ እብሪት ሲያየው እንደነበር ተረዳሁ። አንድ ገጽ መመሪያ በቻይንኛ ታትሞ መስኮቱ አጠገብ ቢለጠፍ ሦስት ቀን አይባክንም ነበር። ላኦባኑ ለአንድ ክፍል ሆቴል፣ ለእኔ የቀን አበል፣ ለመኪናም እየከፈለ ነው የሚመላለሰው።

ፋይሉም ጠፍቶ ነበር። ከአንደኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ ተመርቶ ሦስተኛ አልደረሰም። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ «እህቴ፣ እኔ መዝግቤ ልኬያለሁ» አለችኝና መዝገቡን ገልጣ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የተቀባዩን ፊርማ አሳየችኝ። እውነቷን ነው፤ ንጹሕ መዝገብ ነው የያዘችው። ሁለት ቀን ተፈልጎ የዓመት ፈቃድ ላይ ባለ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ፣ በሌሎች ፋይሎች ሥር ተገኘ። መዝገብ ቤቱ እስከ በሩ ድረስ ይከታተላል፤ ከበሩ ወዲያ የሚከታተል የለም። በእነዚያ ሁለት ቀናት የላኦባኑን ፓስፖርት ኮፒ ለተለያየ ክፍል 14 ጊዜ አስገብተናል፤ አንድ ክፍል ያየውን ሌላው አያይም። ለውጭ ሰው ይህ ሁሉ አንድ መንግሥት ነው። የፌዴራሉን ከከተማው፣ የመሬቱን ከመብራቱ የሚለይበት ምክንያት የለውም፤ መለየትም ያለበት እሱ አይደለም።

ማታ ማታ ደግሞ ደላሎች ይመጣሉ። ሆቴሉ አዳራሽ ቁጭ ብለን የቀኑን ስንከልስ በ12 ቀን ውስጥ ሦስት ሰው ቀርቦናል። አንዱ «ሊዝ ምናምን ሳትጠብቁ መሬት በእጄ አለ» አለ። በአማርኛ ለእኔ ብቻ ደግሞ «አቦ፣ አንቺም ድርሻሽ አለሽ» ብሎ ጨመረ። ሁሉንም ተረጎምኩ፣ ድርሻሽ ያለውን ጨምሮ። ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠና ሄደ። ላኦባኑ ዝም ብሎ ቆየና የጠየቀኝን እስካሁን አልረሳሁትም፦ «ይህ ሰው በ15 ቀን አስረክባለሁ አለ። ቢሮው ለምን ቀን አይነግረኝም?» መልስ አልነበረኝም። ደላላ የሚገባው ቢሮው ባዶ በተወው ቦታ ነው፤ ያ ባዶ ቦታ ደግሞ አንዲት ቀን ናት። ወደ ዚያ ሰው ሄደው ገንዘባቸውን ያጡ ይኖራሉ፤ ከጠፋባቸው በኋላ የሚያወሩት ግን ስለ ደላላው ሳይሆን ስለ ድሬዳዋ ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ። ሐሙስ ዕለት ነው። ኮሪደር ላይ ቆሜ ለአንድ ባለሙያ ስለ ውሃው ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ በማላውቀው ጊዜ ስጠይቅ፣ ከጎን ካለው ክፍል አንዲት ወጣት ወጣች። ገና 26 ወይም 27 ቢሆናት ነው። «የውሃው ምርመራ ውጤት እኮ ይኖራል፤ ማን ጠይቆ ከለከሉት?» አለች። ማንም አልጠየቀም ነበር። ሁሉም «ውሃ አለ» ነበር የሚለው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አብራት የተማረች ልጅ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደምትሠራ ነገረችኝ፣ ደወለችላት፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ባጃጅ ይዛ ሄደች። የስምንት ሰዓት ፀሐይ ነው፤ ያን ሰዓት ድሬ ውስጥ ውሻም ከጥላ አይወጣም። አሥር ሰዓት ሲሆን አንድ ገጽ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። የውሃው ጥንካሬ፣ ማለትም የካልሲየሙ ብዛት፣ በሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ፣ ናሙናው ከየትኛው ጉድጓድና መቼ እንደተወሰደ፣ ከታች ፊርማ፣ ማኅተም፣ ቲተር። ከኋላው ደግሞ በራሷ እጅ ጽሑፍ የአፍዴራ ጨው የኩንታል ዋጋ፤ መንገድ ላይ ወርዳ ከጅምላ ሻጭ ጠይቃ ነው። ያን ጥያቄ ጠዋት እንደዘበት ነበር ያነሳሁት።

ላኦባኑ ከወንበሩ ተነሥቶ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። እኛም ለምናከብረው ሰው እንዲሁ ነውና ልጅቷ ገብቷት ጎንበስ አለች። ፎቶ አንሥቶ በዊቻት ሄቤይ ላለው መሐንዲሱ ላከው። ሃያ ደቂቃ አልሞላም፤ የማለስለሻ ማሽኑ መጠንና በወር የሚፈጀው የጨው ኩንታል ተሰልቶ መጣ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሌላ ከተማ መሄድን ማንሳት ያቆመው። የውሃው ጥራት እኮ መጥፎ ነበር! ውጤቱ መጥፎ መሆኑን የሚናገር ወረቀት ነው ሰውዬውን ያረጋጋው። መጥፎን በቁጥር ካወቀው ዋጋ ያወጣለታል፤ «በቂ አለ» ለሚል ቃል ግን የሚያወጣለት ዋጋ የለውም።

አርብ ዕለት የተፈጠረው የእኔም ጥፋት አለበት። ላኦባኑ ለቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ቀጠሮ ይዞ ማንም አልነበረም፤ ጁምዓ መሆኑን አስቀድሜ ልነግረው ሲገባኝ ረሳሁት። ማብራራት ጀመርኩ፦ የጁምዓ ሶላት፣ ረመዳን ላይ የሥራ ሰዓት እንዴት እንደሚሸጋሸግ፣ ክርስቲያኑ በጾም ወቅት መቼ እንደሚበላ፣ ከሰዓት በኋላ ከተማው ለምን ጭር እንደሚል። የመጨረሻው ጭራሽ አላስገረመውም፤ እነሱም ከምሳ በኋላ ሸለብ ማድረግ ይወዳሉ። ቁጭ ብለን የፈረቃ ሠንጠረዥ ሠራን፤ አርብ ቀን ፈረቃው ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት እንዲቋረጥ አደረገ። ባቡሩ ሲሠራ በዚህ ጉዳይ ስንት አለመግባባት እንዳየሁ አስታውሳለሁ፤ አንድ ፎርማን ሰዎቹ በአንድ ጊዜ ለምን እንደሚሄዱ የነገረው አልነበረም። ለአዲስ ባለሀብት ከሚሰጡ ወረቀቶች መሐል ይህም ሊኖር ይገባል።

መልካ ጀብዱ አካባቢ ሻይ ልንጠጣ የተቀመጥንበትም አለ። ሻይ የምትሸጠው እናት ማንነታችንን ስትሰማ ጀበናውን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። «ልጄ፣ እኔ ምን አገባኝ አትበይኝ። ልጄ ቴክኒክና ሙያ ጨርሳ ቁጭ ብላለች፤ እነዚህ ሰዎች ይቀጥሯታል?» ተረጎምኩ። ላኦባኑ ምን እንደተማረች ጠየቀ፤ ልብስ ስፌት ነው። ስልኳን ጻፈ። ለነገሩ በከተማው ስንት ሽመናና ስፌት የጨረሱ እንዳሉ ዝርዝር ፈልገን አንድም ቢሮ ያዘጋጀ አላገኘንም። ከዚያ እናትየው ሁለተኛውን ጠየቀች፦ «ቀለም ነው የሚሠራው ብለሻል፤ የታጠበበት ውሃ የት ይሄዳል? እኛ ከታች ነን፤ ፍየሎቻችን የሚጠጡት ከዚህ ነው።»

12 ቀን ሙሉ ከዞርንባቸው ቢሮዎች አንዱም ይህን አልጠየቀም። ላኦባኑ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ማጣሪያ ገንዳ እንደሚሠራ፣ ቀለሙ በኬሚካል እንደሚዘቅጥ፣ ዝቃጩ ለብቻው እንደሚወሰድ አስረዳት፤ እኔም ቃል በቃል ነገርኳት። እሷም «እሺ፣ ግን ማን ያየዋል?» አለች። እሱም ወደ እኔ ዞሮ «በእኛ አገር የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ሳያስታውቁ ይመጣሉ። እዚህስ?» አለ። ከተማው ለባለሀብት ዝግጁ ነው ሲባል የእኚህን እናት ጥያቄ ባለሀብቱ ሳይመጣ ጠይቆ የያዘ መሆን አለበት። ጥብቅ ጥያቄ ባለሀብትን ያስፈራል የሚሉ አሉ፤ እኔ ያየሁት ሰው ግን ጥያቄው ሲመጣ ወንበሩን ነው ያቀረበው። ቻይና ውስጥ ማቅለሚያዎች በውሃ ጉዳይ ሲዘጉ አይቷል፤ ነገ የሚዘጋ ፋብሪካ መትከል አይፈልግም።

እንግዲህ ነጥብ ስጪ ከተባልኩ ከአምስት ሦስት እሰጣለሁ። ባቡሩ፣ ሼዱ፣ የሰዎቹ ደግነትና ያቺ ልጅ ሦስቱን አምጥተዋል። አራት የሚያደርገው ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፦ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ፋይሉን የሚከታተል፣ ስልኩ የሚነሳ አንድ ሰው፤ የውሃ፣ የመብራት፣ የሠለጠነ ሰው ቁጥር በየሦስት ወሩ የሚታደስበት በቻይንኛ የታተመ ወረቀት፤ ለተጠየቀ ጥያቄ ሁሉ ቀን ያለው የጽሑፍ መልስ። ቻይንኛ የሚችል ሰው የለም እንዳይባል ባቡሩ ላይ የሠራነው፣ ቲያንጂንና ቤጂንግ ተምረን የተመለስነው ብዙ ነን፤ አብዛኞቻችን አዲስ አበባ ሄደናል፤ እዚሁ ሥራ ብናገኝ የምንመለስ ነን። አምስተኛውን ኮከብ ለዚያች እናት ጥያቄ አስቀምጫለሁ።

ላኦባኑ በ12ኛው ቀን በረረ። አየር ማረፊያው በር ላይ ሲሰናበተኝ ማፍያው ውስጥ የነበረውን ነጭ ፍርፋሪ በወረቀት ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ እንዳስገባ አሳየኝ።

ባለፈው ሳምንት በዊቻት ፎቶ ላከልኝ። በላቦራቶሪው ወረቀት ቁጥር መሠረት እዚያው ሄቤይ ውስጥ እንደ ድሬ ያለ ጠንካራ ውሃ ቀምመው፣ አለስልሰው፣ ሁለት ፎጣ አቅልመዋል። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ ሌላው የብርቱካን ቀለም። ነጠብጣብ የለባቸውም። ከሥሩ አንዲት መስመር ጽፏል፦ «የትራንስፎርመሩ መልስ በየትኛው ቀን ነው?» ለልጅቷ አስተላለፍኩላት። ደብዳቤው ፊርማ ላይ እንደሆነ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ብመጣ ቀኑን ጽፋ እንደምትሰጠኝ ነገረችኝ። ሰኞ እሄዳለሁ።